የ2048 ነገር

አንድ ቀላል የቁጥር ጨዋታ እንዴት እንደ ተፈጠረ፣ እንዴት እንደ ተቀዳ፣ ለፈጣሪዎቹስ ምን እንደ ተረፋቸው

ውድ አንባቢ፣ በታክሲ ወረፋ ላይ ቆመው፣ ወይም በምሳ ዕረፍት ሰዓት ከመሥሪያ ቤትዎ ደጃፍ ተቀምጠው ዙሪያዎን ቢመለከቱ፣ አንገቱን ደፍቶ በአውራ ጣቱ የስልኩን መስተዋት ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚዳስስ ሰው አያጡም። ጠጋ ብለው ቢያዩት መልእክት የሚጽፍ ወይም ዜና የሚያነብ ላይሆን ይችላል። ቁጥር ይገፋል። ሁለትን ከሁለት አጋጥሞ አራት፣ አራትን ከአራት አጋጥሞ ስምንት ያደርጋል። ወረፋው ሲንቀሳቀስ እንኳ «ቆይ፣ ይችን ብቻ» ይላል።

የዚህ ጨዋታ ስም 2048 ነው። ሕፃን ልጅ በአንድ ደቂቃ ይማረዋል፤ ትልቅ ሰው ደግሞ ለሳምንታት ሳይተወው ይቆያል። ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የሚፈልገው ሰው ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልገው ይሆናል። ነገር ግን «ይህን ጨዋታ መጀመሪያ ያሰበው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳያስበው ከአንድ ሙግት ውስጥ ይገባል። በአንድ ወገን ከአንድ ዓመት በላይ የደከሙ ሦስት ሰዎችን፣ በሌላው ወገን በሁለት የዕረፍት ቀናት ሥራውን የጨረሰ አንድ ወጣት ያገኛል። በመካከላቸውም ሕግ ያላዘዘው፣ ለሰው ኅሊና የተተወ ዕዳ አለ። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን ዕዳ ለይቶ ማሳየት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የጨዋታው ሕግ

አራት በአራት የሆነ፣ 16 ቤቶች ያሉት ሰሌዳ አለ። ጨዋታው ሲጀመር በሁለቱ ቤቶች ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ካርዶች ይቀመጣሉ። ተጫዋቹ ከአራቱ አቅጣጫዎች አንዱን መርጦ ሲገፋ፣ በሰሌዳው ላይ ያሉት ካርዶች ሁሉ ወደዚያው አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ይንሸራተታሉ። በመንገዳቸው ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ሁለት ካርዶች ቢገናኙ ተዋሕደው አንድ ይሆናሉ፤ አዲሱም ካርድ የሁለቱን ድምር ይይዛል። ከእያንዳንዱ ግፊት በኋላ ከባዶዎቹ ቤቶች በአንዱ ላይ አዲስ ካርድ ይወለዳል፤ ይህም በአማካይ ከ10 ጊዜ 9ኙን 2፣ አንዱን ጊዜ ደግሞ 4 ነው። ቤቶቹ ሁሉ ሞልተው የሚዋሐድ ጥንድ ሲጠፋ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። የተጫዋቹ ተስፋ ይህ ከመድረሱ በፊት 2048 የሚል ካርድ መሥራት ነው። ሕጉ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

ሰውን የሚይዘው ምኑ ነው?

እንግዲህ ይህን የመሰለ ቀላል ነገር አዋቂውን ሰው ሳይቀር እንዴት አስሮ ይይዛል? እንደ እኔ አስተያየት ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛው፣ የተዝረከረከውን የማስተካከል ደስታ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። በጠረጴዛው ላይ የተቆለለውን ፋይል ዘመዱን ከዘመዱ አገናኝቶ ሲያስቀምጥ፣ ጠረጴዛውም እየተገለጠ ሲሄድ ልቡ ይረካል። ጨዋታውም ይህንኑ ደስታ በየሁለት ሴኮንዱ ይሰጣል፤ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፣ አንድ ቤትም ባዶ ይሆናል። ወዲያውም አዲስ ካርድ ስለሚመጣ ሥራው አያልቅም።

ሁለተኛው፣ አለመቸኮሉ ነው። በዚህ ጨዋታ ላይ የሚሮጥ ሰዓት የለም፤ የሚያሸንፍና የሚያሳፍር ባላጋራም የለም። ተጫዋቹ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢያስብ የሚጠይቀው አይኖርም። ቢሸነፍም ኪሳራው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ አዲሱ ሰሌዳ በአንድ ንክኪ ይዘረጋለታል።

ሦስተኛውና ብርቱው ምክንያት ግን የእጥፍ ጠባይ ነው። በሰንጠረዥ ሰሌዳ የመጀመሪያ ቤት ላይ አንዲት የስንዴ ፍሬ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት እያለ እስከ 64ኛው ቤት ይሰጠኝ ዘንድ ንጉሡን ለመነ የተባለውን የብልህ ሰው ተረት ሳይሰሙ አይቀሩም። በዚያ ተረት 12ኛው ቤት ላይ የሚደርሰው ፍሬ ልክ 2048 ነው። ንጉሡ በ12ኛው ቤት ላይ ሳለ ነገሩን እንደ ቀላል ቆጥሮት ነበር፤ የጨዋታችን ተጫዋች ግን ድካሙን የሚጨርሰው እዚያ ላይ ነው።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። በእያንዳንዱ ግፊት የሚወለደው ካርድ በአማካይ 2.2 ዋጋ አለው። ስለዚህ 2048ን ለመሥራት የሚያስፈልገው ግፊት 2048 ለ2.2 ሲካፈል የሚገኘው፣ ማለትም ወደ 930 ያህል ነው። 1024 ላይ ለመድረስ ደግሞ የዚህ ግማሽ፣ 465 ገደማ ይበቃል። አሁን ነገሩን ልብ ይበሉ። 1024 ላይ የደረሰ ሰው «አንድ ጥንድ ብቻ ቀረኝ» ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን የቀረው ያ አንድ ጥንድ ሌላ 1024 ስለ ሆነ፣ እስከ አሁን የደከመውን ሁሉ ከመጀመሪያው መድከም አለበት፤ ያውም አንዱ ቤት በፊተኛው 1024 ተይዞበት። ዓይን «ደርሰሃል» ይላል፤ ሒሳብ «ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነህ» ይላል። ሰውን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

መሞከር ለሚፈልግ አንባቢ አንድ ምክር ልስጥ። ትልቁን ካርድ ከአንድ ጥግ ላይ ያኑሩት፤ ከዚያም አያንቀሳቅሱት። ሌሎቹን በመጠናቸው ቅደም ተከተል ከአጠገቡ ይደርድሯቸው። 1024፣ 512፣ 256 እያሉ እስከ 2 ቢወርዱ የሚይዙት ቤት 10 ነው። ሌላ አንድ 2 ሲጨመር 11 ይሆንና ሰንሰለቱ በተራ ተዋሕዶ 2048 ይሆናል። ከ16ቱ ቤቶች የሚተርፉት 5 ብቻ ናቸው ማለት ነው፤ ጥበቡም ያለው በእነዚያ አምስት ቤቶች አያያዝ ላይ ነው። ነገሩ ከመልኩ በላይ ከባድ መሆኑንም ሊቃውንት መስክረዋል። በ2015 ሁለት ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉት ጨዋታዎች ሰሌዳቸው እንደ ልብ እንዲሰፋ ቢደረግ፣ ለኮምፒዩተር እንኳ እጅግ አስቸጋሪ ከሚባሉት የጥያቄ ወገኖች የሚመደቡ መሆናቸውን በማስረጃ አሳይተዋል።

«ሦስቶች» እንዴት እንደ ተሠራ

ከ2048 በፊት ሌላ ጨዋታ ነበር። የሠሩትም ሦስት አሜሪካውያን ናቸው። አሸር ቮልመር አሳቡን አመነጨ፤ ግሬግ ወልዌንድ ሥዕሉን ሣለ፤ ጂሚ ሂንሰን ዜማውን አዘጋጀ። የጨዋታው ስም በእንግሊዝኛ «ትሪስ» ሲሆን ወደ ቋንቋችን ቢመለስ «ሦስቶች» ማለት ነው፤ እኛም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። በአፕል ኩባንያ የስልክ ፕሮግራም መደብር ለሽያጭ የቀረበው በፌብሩዋሪ 6 ቀን 2014 ሲሆን ዋጋው 1 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር።

«ሦስቶች» ሰሌዳው እንደ 2048 አራት በአራት ነው፤ ጠባዩ ግን ይለያል። በዚህ ጨዋታ 1 ከ1 ጋር አይዋሐድም፤ 2ም ከ2 ጋር አይዋሐድም። 1 እና 2 ተገናኝተው 3 ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ 3 ከ3 ጋር 6፣ 6 ከ6 ጋር 12 እያለ እስከ 6144 ይወጣል፤ የመጨረሻውም 12288 ነው። በአንድ ግፊት ካርዶቹ የሚራመዱት አንድ ቤት ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ካርድም ምን ዓይነት እንደ ሆነ አስቀድሞ በምልክት ይታያል። ስለዚህ ተጫዋቹ በዕድል ከማመካኘት ይልቅ አርቆ ማሰብ ግድ ይሆንበታል። 12288 ላይ የደረሰ የመጀመሪያው ተጫዋች የተገኘው ጨዋታው ከወጣ ሦስት ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ፣ በ2017 ነበር።

የጨዋታው የመጀመሪያ ንድፍ ቶሎ ተገኝቶ ነበር። ተጠናቆ ለሕዝብ እስኪቀርብ ግን 14 ወር ያህል ፈጀ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምን ይሠሩ እንደ ነበር እነርሱው የተጻጻፉትን ደብዳቤ በመጋቢት ወር 2014 አሳትመው ለሕዝብ አሳይተዋል። «ቁጥር ብቻ ሰውን ያስፈራል» ብለው በቁጥሩ ፈንታ የጃፓን ምግብ ሥዕል ሞከሩ፤ የሰንጠረዥ ጠጠሮችን ሞከሩ፤ እንስሳትን ሞከሩ፤ የሃይድሮጅን አቶም ሳይቀር ሞከሩ። ተጫዋቾቹ ግራ ተጋቡ እንጂ አልቀለላቸውም። በመጨረሻ ወደ ቁጥሩ ተመለሱና በየካርዱ ላይ ትንሽ ፊት ሣሉበት። ሲጀምሩ የነበረውን ያህል ቀላል ነገር ይዘው ጨረሱ፤ ልዩነቱ አሁን ቀላል የሆነበትን ምክንያት ማወቃቸው ነበር።

በዚህ ላይ አንድ የአስተማሪነት ቃል እንድጨምር ይፈቀድልኝ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሦስት መስመር ያለቀ የጂኦሜትሪ ማስረጃ የሚያይ ተማሪ «ይህማ ቀላል ነው፤ እኔም አገኘው ነበር» ይላል። ሦስቱ መስመሮች እስኪገኙ ድረስ ስንት ገጽ ተጽፎ እንደ ተቀደደ ሰሌዳው አይነግረውም። ቀላል ሥራ ሁልጊዜ ይህ ጉዳት አለበት፤ ድካሙ ከጀርባው ስለሚቀር፣ ያየው ሰው ሁሉ ያለ ድካም የተገኘ ይመስለዋል።

ከ21 ቀን በኋላ

«ሦስቶች» ለገበያ በቀረበ በ21ኛው ቀን ቪዎ ስቱዲዮ የተባለ የቻይና ድርጅት «1024» የሚል ጨዋታ አወጣ። ካርድ በመግፋት ተመሳሳይ ቁጥሮችን ማዋሐድ ነበር፤ ዋጋውም በነፃ ነበር። በማርች 9 ቀን ደግሞ ጋብርኤሌ ቺሩሊ የተባለ የ19 ዓመት ኢጣሊያዊ ወጣት 2048ን በኢንተርኔት ላይ አኖረ። ይህ ወጣት ጨዋታውን የሠራው በአንድ የሳምንት መጨረሻ ውስጥ፣ ፕሮግራም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለብቻው መጻፍ ይችል እንደ ሆነ ራሱን ለመፈተን ነበር። መነሻው «1024» እና በ2048 ስም ቀድሞ የተሠራ ሌላ ጨዋታ ነበሩ። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ከ4 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ጎበኘው።

ቺሩሊ ከዚህ ላይ ያደረገውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የፕሮግራሙን ጽሑፍ ማንም ሰው ወስዶ እንዲለውጠው፣ ቢፈልግም እንዲሸጠው፣ የኤም አይ ቲ ፈቃድ በሚባለው ልቅ ፈቃድ ለዓለም ለቀቀው። ፈቃዱ በምላሹ የሚጠይቀው የደራሲውን ስምና የፈቃዱን ቃል ሳያጠፉ ማቆየት ብቻ ነው። ጨዋታውን ባኖረበትም ገጽ ላይ «1024»ን መነሻ ማድረጉን፣ ጨዋታውም በአሳብ ከአሸር ቮልመር «ሦስቶች» ጋር የሚመሳሰል መሆኑን ጽፎ አመለከተ። በዚያው ዓመት በኋላ ለስልክ የሚሆን ቅጂ ቢያወጣም፣ በመጀመሪያው ወቅት ግን አሳቡ የራሱ ባለመሆኑ ትርፍ ሊያገኝበት እንደማያስብ ተናግሮ ነበር።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ግን ጎርፍ ነው። ጽሑፉ ክፍት ስለ ነበረ ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ ሁሉ የራሱን 2048 ሠራ። አንዱ በቁጥሩ ፈንታ የውሻ ሥዕል አደረገበት፤ ሌላው እጥፉን በፊቦናቺ ቁጥሮች ለወጠው። ይህ ለመማሪያ ያህል ደግ ነው። ከዚህ ጋር ግን ጨዋታውን እንዳለ ወስደው ማስታወቂያ እየለጠፉበት በስልክ መደብር የዘረጉ ነጋዴዎች ብዙ ነበሩ።

የ«ሦስቶች» ፈጣሪዎች የደረሰባቸው ትልቁ ኃዘን ከገንዘቡ ይልቅ በስማቸው ላይ የመጣው ነገር ነበር። 2048 ከሰው ሁሉ እጅ ስለ ገባ፣ በኋላ «ሦስቶች»ን ያየ ሰው «ይህ እኮ የ2048 ኩረጃ ነው» ማለት ጀመረ። 14 ወር የደከሙበት ሥራ ከእርሱ በኋላ በተሠራው ቅጂ ስም ተጠራ። አባቶቻችን «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አንባቢዬ «ታዲያ ለምን አልከሰሱም?» ይሉ ይሆናል። መልሱን ለማግኘት ወደ አንድ የሒሳብ መዝገብ ክርክር መመለስ ያስፈልጋል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ አንባቢዎች ይህን ሳይወዱት አይቀሩም። ቻርልስ ሴልደን የተባለ አሜሪካዊ በ1859 አዲስ የሒሳብ አያያዝ ዘዴ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም ባዶ ቅጾች ነበሩበት። ቤከር የተባለ ሌላ ሰው ተመሳሳይ ቅጾችን አዘጋጅቶ ሸጠ። ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1879 ፍርድ ተሰጠበት። ፍርድ ቤቱም የደራሲ መብት መጽሐፉን ይጠብቃል እንጂ በመጽሐፉ ውስጥ የተገለጸውን ዘዴ የአንድ ሰው ንብረት አያደርገውም ሲል ወሰነ። ዘዴውን ለብቻው መያዝ የሚፈልግ ሰው የፈጠራ ባለመብትነት ማረጋገጫ ማግኘት አለበት።

የጨዋታ ሕግም እንዲሁ ዘዴ ነው። «ተመሳሳይ ቁጥሮች ሲገናኙ ይዋሐዳሉ» የሚለው አሳብ በደራሲ መብት አይጠበቅም። የሚጠበቀው አሳቡ የለበሰው ልብስ፣ ይኸውም ሥዕሉ፣ ዜማው፣ የፕሮግራሙ ጽሑፍና አቀራረቡ ነው። ድንበሩን ያለፉ ሰዎች መቀጣታቸው አልቀረም። በ1984 በሞስኮ የተፈጠረውን ቴትሪስ የተባለ ጨዋታ መልኩን እንዳለ የቀዳ አንድ ድርጅት በ2012 በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ተረትቷል። በዚያው ዓመት «ትሪፕል ታውን» የተባለው ጨዋታ ባለቤቶች ሥራችንን ቀዳብን ያሉትን ድርጅት ከስሰው፣ ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ የተቀዳው ጨዋታ ራሱ ተላልፎ ተሰጥቷቸዋል። ይህም ሦስት ሣር ቁጥቋጦ፣ ሦስት ቁጥቋጦ ዛፍ እየሆነ የሚሄድ የማዋሐድ ጨዋታ ነበር። 2048 ግን የ«ሦስቶች»ን ሥዕልም ዜማም አልወሰደም። የወሰደው አሳቡን ነው።

የእኛም አገር ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1996 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ጥበቃው አሳብን፣ ሥርዓትንና የአሠራር ዘዴን እንደማይጨምር በ5ኛው አንቀጽ ይደነግጋል። ይህ አዋጅ የሥራ ባለቤት በስሙ የመታወቅ መብት እንዳለውም ይናገራል፤ ነገር ግን መብቱ የተሰጠው ለሥራው እንጂ ለባዶው አሳብ አይደለም። የሁለቱ አገሮች ሕግ እንዲህ የሆነው በበቂ ምክንያት ነው። አሳብ ሁሉ ባለቤት ቢኖረው ኖሮ መምህር ለማስተማር፣ ጸሐፊም መዝገብ ለመያዝ በየቀኑ ፈቃድ መለመን ያሻው ነበር።

የፖስታ ቤቱ ሹም ዕድል

ይህ ሙግት በዘመናችን የተጀመረ እንዳይመስልዎ። በ1880 አሜሪካንና አውሮፓን ያሳበደ አንድ የቁጥር እንቆቅልሽ ነበር። አራት በአራት በሆነ ሣጥን ውስጥ ከ1 እስከ 15 የተጻፈባቸው የእንጨት ቁራጮች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ቤት ባዶ ነው። በዚያች ባዶ ቤት እያሳለፉ ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ማስያዝ ነው ሥራው። የ2048 አያት ቢሉት ስሕተት አይሆንም።

ይህን እንቆቅልሽ የፈጠረው ኖይስ ቻፕማን የተባለ፣ በኒው ዮርክ ግዛት በካናስቶታ ከተማ የፖስታ ቤት ሹም የነበረ ሰው ነው። ለወዳጆቹ የመጀመሪያውን ንድፍ ያሳያቸው በ1874 ገደማ ነበር። እንቆቅልሹ ዓለምን ሲያዳርስ በ1880 የባለመብትነት ማመልከቻ አቀረበ፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት ለሌላ ሰው ከተሰጠ ማረጋገጫ ጋር በመመሳሰሉ ሳይሆን አይቀርም፣ ሳይፈቀድለት ቀረ። ከዚያ በኋላ ሳም ሎይድ የተባለ ዝነኛ የእንቆቅልሽ ደራሲ ከ1891 ጀምሮ በ1911 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ «የፈጠርሁት እኔ ነኝ» ሲል ኖረ። 14ን ከ15 ጋር አለዋውጦ ቁጥሮቹን ለሚያስተካክል ሰው 1,000 ዶላር እሰጣለሁ ይል ነበር። ይህ ፈጽሞ የማይቻል መሆኑ ግን በ1879 በታተመ የሒሳብ ጽሑፍ ተረጋግጦ ስለ ነበር ሽልማቱ ከኪሱ የሚወጣ አልነበረም። የሎይድ ቃል ለብዙ ዘመን ታመነ። የፖስታ ቤቱ ሹም ስም በቦታው የተመለሰው ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የስም ብድር መሆኑ ነው።

ገበጣስ?

ከዚህ ላይ አንድ ተቃዋሚ ተነሥቶ እንዲህ ሊለን ይችላል። «ጨዋታ የሚኖረው በመቀዳት ነው። ገበጣን ማን ፈጠረው? ባለቤት ቢኖረውና ሌላው እንዳይጫወተው ቢከለከል ኖሮ ከየመንደሩ እንዴት ይደርስ ነበር?»

ተቃውሞው ከባድ ነው፤ እውነትም አለበት። በአገራችን ገበጣ በአንዱ አካባቢ በሁለት ረድፍ፣ በሌላው በሦስት ረድፍ ጉድጓድ ይጫወቱታል። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ዘመዶቹ ባሳተሙት ሰፊ ጥናት የጨዋታው ዓይነት እጅግ ብዙ መሆኑን ዘርዝረዋል። ይህ ሁሉ የተገኘው አንዱ ከሌላው እያየ፣ እየቀዳና እየለወጠ ነው። መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር የሚለቅም እረኛ የማንንም መብት አልነካም።

ነገር ግን በገበጣና በ2048 መካከል ልዩነት አለ። የገበጣ ፈጣሪ ስሙ በዘመን ብዛት ጠፍቷል፤ የሚጠራ ስም ባይኖር የሚቀር ዕዳ የለም። የ«ሦስቶች» ፈጣሪዎች ግን ስማቸው ይታወቃል፤ ሥራቸውም በተወለደ በሦስተኛው ሳምንት ተቀድቷል። ደግሞም ገበጣን ከጎረቤቱ የተማረ መንደር ጨዋታውን አልሸጠም፤ «ፈጣሪው እኔ ነኝ» ብሎም አዋጅ አላስነገረም። መቅዳቱ ብቻውን ጥፋት ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ጥፋተኞች ነን፤ ፊደል የቆጠርነው በመቅዳት ነውና።

እንግዲህ ዕዳው ምንድን ነው?

እስከ አሁን ያየናቸውን ሰዎች በሦስት ወገን ልንከፍላቸው እንችላለን። የመጀመሪያው ወገን ከሌላው ወስዶ፣ የወሰደበትን ስም ጠርቶ፣ የራሱንም ጨምሮ የሚሰጥ ነው። ኢጣሊያዊው ወጣት የሚቆጠረው ከዚህ ወገን ነው፤ ምንም እንኳ ሥራው ሳያስበው የፊተኞቹን ሥራ ቢሸፍንባቸው፣ የአሳቡን ዘር አልደበቀም። ሁለተኛው ወገን ወስዶ ዝም የሚል ነው፤ በነጋዴዎቹ ዘንድ የበዛው ይህ ነው። ሦስተኛው ወገን ወስዶ «የእኔ ነው» የሚል ነው፤ ሳም ሎይድን የመሰለ ማለት ነው። ከእነዚህ የሕግ እጅ የሚደርስበት ጥቂቱ ብቻ ነው። አብዛኛው ነገር ለሰው ኅሊና የተተወ ነው።

ይህ ነገር እኛን እንዴት ይነካናል ቢሉ፣ በየቀኑ ይነካናል እላለሁ። ተማሪ የሆኑ አንባቢ የጓደኛን ማስታወሻ ተውሰው ለፈተና ቢያጠኑ ነውር የለበትም፤ የጓደኛን ድርሰት በራስ ስም ማቅረብ ግን ሌላ ነገር ነው። ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አንባቢ ደግሞ ይህን ከሌላው ወገን ሳያዩት አይቀሩም። ለሳምንታት የደከሙበት ጥናት ወደ ላይ ሲወጣ በየደረጃው ስሙ እየተራገፈ ይሄድና፣ ከስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ የሌላ ሰው አሳብ ሆኖ ይነበባል። ይህን ማንም ሕግ ወንጀል አይለውም። የጻፈው ሰው ልብ ግን ይሰበራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያን ያህል አይደክምም። ያ መሥሪያ ቤት ያጣውን ነገር የሚያሳይ መዝገብ አይኖርም።

የ«ሦስቶች» ሰዎች ከሜዳው ፈጽመው አልጠፉም። አፕል ኩባንያ ሥራቸውን የ2014 ምርጥ የአይፎን ጨዋታ ብሎ መረጠው፤ በ2015ም ገንዘብ የማይከፈልበት ቅጂ አወጡ። ይሁን እንጂ በወረፋ ላይ ቁጥር ከሚገፉት ሰዎች መካከል ስማቸውን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ 2048ን ይጫወቱ፤ ደግ ጨዋታ ነው። ደስ ካለዎት «ሦስቶች»ንም ይሞክሩና የትኛው እንደሚበልጥ ራስዎ ይፍረዱ። ወዳጅዎን ሲያስተምሩት ግን ሕጉን ብቻ አስተምረው አያቁሙ፤ መጀመሪያ ማን እንዳሰበውም ይንገሩት። ነገ በመሥሪያ ቤትዎ ኃላፊ ሲሆኑም የጀማሪውን ጥናት ወደ ላይ ሲያሳልፉ ስሙን ከላይ ይተዉለት። አሳብ መዋስ ለሁላችንም የተፈቀደ ነው፤ የብድሩም ወለድ እጅግ ትንሽ ነው። አንድ ስም መጥራት ብቻ ይበቃል።